የተበጠሰውን የፒያኖ ክር ከመጣላችሁ በፊት

የፒያኖ ክር ሲበጠስ መጀመሪያ የሚፈለገው ጥፋተኛ ነው። መጨረሻ የተጫወተው ልጅ ይጠራል። «ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ጠንከር አድርጌ እንኳ አልመታሁትም» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ክሩ ለመበጠስ ዓመታት ሲሰናዳ ከርሟል። የመጨረሻዋ ምት ናት በሱ ተራ የደረሰችው።

ክሩ ለምን እንደተበጠሰ ግን ማወቅ ይቻላል። የት ላይ ተበጠሰ? ጫፉ ምን ይመስላል? ያኔ ፒያኖው ላይ ምን እየተደረገ ነበር? እነዚህን ሳትጠይቁ አዲስ ክር ብታስገቡ፣ ምክንያቱ እዚያው ስለተቀመጠ አዲሱም ይከተላል።

ይህ መመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ፒያኖ በኃላፊነት ለያዛችሁ ነው። የቤተ ክርስቲያን ይሁን፣ የትምህርት ቤት፣ የሆቴል ወይም የግል። ኪቦርድ ላላችሁ አይመለከታችሁም፤ ኪቦርድ ክር የለውም። ምርመራውን አብዛኛውን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ክር መቀየሩን ግን ለለመደ እጅ ተዉት።

መጀመሪያ፦ ውጥረቱን እወቁ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ

አንድ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። ክሮቹ ግን 230 ገደማ ናቸው። በቀኝ በኩል ላሉት ቀጫጭን ድምፆች ለአንድ ቁልፍ ሦስት ክር አለ። ወደ ግራ ስትሄዱ ሁለት ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ወፍራም፣ መዳብ የተጠመጠመበት ክር ብቻ ይቀራል።

እያንዳንዱ ክር በአማካይ ከ70 እስከ 90 ኪሎ በሚመዝን ኃይል ተወጥሯል። አንድ ጎልማሳ ሰው ከ1 ሚሊሜትር ብዙም በማይበልጥ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል እንደማለት ነው። ሁሉም ሲደመር 18 ቶን አካባቢ ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ውስጥ ያለው የብረት ፍሬም ነው። አልፊየስ ባብኮክ የሚባል አሜሪካዊ በ1825 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወጥ የብረት ፍሬም ያስመዘገበው ለዚሁ ነው። ከዚያ በፊት ሸክሙ የእንጨት ነበር፣ ክሮቹም ደካማ ነበሩ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝነኛ የፒያኖ ተጫዋች ፍራንዝ ሊስት በየመድረኩ ክር ይበጥስ እንደነበር ሲነገር፣ የእጁን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የዘመኑን ሽቦም ማሰብ ይገባል።

ስለዚህ ክዳኑን ከፍታችሁ ስታዩ መነጽር አድርጉ። የፀሐይም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ፊታችሁን ወደ ክሮቹ አታስጠጉ። ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ። የተበጠሰውን ክር በባዶ እጅ አትጎትቱ፤ ጫፉ እንደ ምላጭ ባይሆንም ጣት ይበሳል።

ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ክሩ እንደወደቀ፣ ምንም ሳይነካ። አንዱ ቁራጭ ፒኑ ላይ፣ ማለትም ሲቃኝ የሚዞረው ችንካር ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል፣ ሌላው ወደ ታች ይንጠለጠላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቃኚው ሲመጣ «የቱ ጋ ነው ክሩ?» ብሎ «ቆሻሻ ውስጥ ጣልነው» ሲባል የሚሰማውን እኔ ነኝ የማውቀው።

መቼ ተበጠሰ?

እየተጫወቱ ሳለ ከሆነ፣ ቁልፉ ሲጫን ክሩን የሚመታው መዶሻ፣ ተጫዋቹና ክሩ የሚደገፍበት ብረት ይጠረጠራሉ። እየተቃኘ ሳለ ከሆነ ዝገት፣ የፒኑ ዙሪያ ያለው እጥፋት ወይም ከልክ በላይ መወጠር ነው።

ሦስተኛው ማንም ሳይነካው የተበጠሰ ነው። ሌሊት ቤቱ ጭር ባለበት ድንገት ጓ ይላል፣ ሰው ሌባ ገባ ብሎ ይነሣል። ምንም መንፈስ የለበትም፣ አብሽሩ። የአየሩ እርጥበት ሲቀያየር የድምፅ ሳንቃው፣ ማለትም የክሮቹን ድምፅ የሚያጎላው ሰፊ እንጨት፣ ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ የክሩ ውጥረትም አብሮ ይለዋወጣል። ቀድሞ የተሰነጠቀ ክር በዚች ጥቂት ለውጥ ይሄዳል።

የት ላይ ተበጠሰ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የስልክ ባትሪ አብሩና ክሩን ከላይ እስከ ታች ተከተሉት።

ፒኑ ዙሪያ፣ ጥቅልሉ ላይ ወይም ክሩ ከጥቅልሉ በሚወጣበት ቦታ ከሆነ፣ ምክንያቱ ከቅኝት ጋር የተያያዘ ነው። ፒኑ በዞረ ቁጥር ያ ቦታ ይታጠፋል፣ ይቃናል። ሽቦን ደጋግማችሁ ብታጥፉት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጥቅልሉ ውስጥ እርጥበት ስለሚቀርም ዝገት እዚያ ይጀምራል። እዚህ ቦታ ላይ የተበጠሰ ክር ተጫዋቹን ነፃ ያወጣዋል።

ከፒኑ ትንሽ ወረድ ብሎ ክሩ የሚደገፍበት ቦታ አለ። አንዳንዱ ፒያኖ ላይ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ቁራጭ ናት፤ ሌላው ላይ ራሱ የፍሬሙ ጠርዝ ነው። መዶሻው በመታ ቁጥር ክሩ እዚህ ጋ ይንቀጠቀጣል፣ ግን መሄድ አይችልም። በመጫወት ብዛት የሚበጠስ ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው እዚህ ነው። በተለይ ከመሃል በስተቀኝ ባሉት ቀጫጭን ድምፆች። ሌላ ነገርም እዩ፦ ክሩ በጊዜ ብዛት ብረቱን ይቦረቡራል። በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥልቅ ቦይ ወይም የተሳለ ጠርዝ ካገኛችሁ፣ አዲስ ክር እዚያው ላይ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ቃኚው መጀመሪያ ጠርዙን ማለስለስ አለበት።

ብሪጁ ላይ፣ ማለትም ክሩ ድምፁን ወደ ሳንቃው በሚያሻግርበት እንጨት ላይ ካሉት ችንካሮች አጠገብ መበጠስ ብዙም አያጋጥምም። ካጋጠመ ብዙውን ጊዜ ዝገት ነው። ታች ማሰሪያው ጋም እንዲሁ።

መሃል ላይ፣ ምንም በማይነካው ቦታ የተበጠሰ ክር የተለየ ታሪክ አለው። ወይ ድሮ በፒንሳ ተቆንጥጧል፣ ወይ አንድ ጊዜ ተቆልምሟል፣ ወይ ፈሳሽ ወድቆበታል። ፒያኖ ላይ የአበባ ማስቀመጫ የምታስቀምጡ ይሄንን አንብቡ። ሻይም፣ ለስላሳም፣ ውሃም ያው ነው። ሌላው አይጥ ነው። አይጥ ፒያኖ ትወዳለች፤ ሱፍ አለው፣ ጨለማ ነው፣ ማንም አይከፍተውም። ሽንቷ ብረት ይበላል። ታችኛውን ሰሌዳ ክፈቱና ፍርፋሪ ሱፍ ወይም ፍግ ካለ ተመልከቱ። ከተገኘ፣ ክሩ ሳይቀየር አይጧ ትውጣ።

ጫፉን በማጉያ ተመልከቱ

ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኳት ማጉያ በቂ ናት። ከሌላችሁ የስልክ ካሜራ አስጠግታችሁ አንሡና ፎቶውን አስፉት።

ጫፉ ወደ መበጠሻው እየቀጠነ ሄዶ ከተሳበ፣ ክሩ ከአቅሙ በላይ ተወጥሯል። ሳይቀጥን ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ፣ ብረቱ በድግግሞሽ ደክሟል። ፊቱ ላይ አንዱ ክፍል ቡናማ፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ታሪኩ ግልጽ ነው። ቡናማው ቀድሞ ተሰንጥቆ እርጥበት የገባበት ነው። የሚያብረቀርቀው በዕለቱ የተለያየው። ያ ልጅ የተወቀሰው በዚች በሚያብረቀርቀው ብቻ ነው።

ክሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹ ላይም ዓይናችሁን ጣሉ። የተበጠሰው ብቻ ዝጎ ሌሎቹ ንጹሕ ከሆኑ ችግሩ የቦታ ነው። ሁሉም ቡናማ ከሆኑ ግን የተበጠሰው የመጀመሪያው ነው፣ የመጨረሻው አይሆንም።

ዝገት፦ ደሴ ላይና ኮምቦልቻ ላይ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ወርዳችሁ 1,850 አካባቢ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ከፍታው ራሱ ክር አይበጥስም። የሚበጥሰው እርጥበቱ ነው።

ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል። ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳ ያልባል። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ፒያኖም እንዲሁ ነው። ፒያኖውን ከውጭ ግድግዳ አርቁት፤ አንድ ክንድ ያህል እንኳ ይበቃል። መስኮት ሥር አታስቀምጡት። ወለል ሲወለወል ውሃው ከሥሩ አይግባ። ለፒያኖ ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ጥሩ ነው ይባላል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ አጠገቡ ብታስቀምጡ ከግምት ትገላገላላችሁ።

አንዱ ጥንቃቄ የሚረሳው ማጓጓዝ ላይ ነው። በብርዳም ጠዋት ደሴ ላይ የተጫነ ፒያኖ ኮምቦልቻ ሞቃትና እርጥብ ክፍል ውስጥ ወዲያው ቢከፈት፣ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሊቋጥር ይችላል። እንደተሸፈነ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቆይ። ቅኝቱንም አታጣድፉ። እንጨቱ አዲሱን አየር እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይስጡት።

አሁን ደግሞ ልለምናችሁ። ዝገት አየን ብላችሁ ክሮቹ ላይ ዘይት አትርጩ። ደብሊውዲ 40ም፣ የመኪና ዘይትም፣ የምግብ ዘይትም። ዘይቱ ይወርድና ፒኖቹ የተተከሉበት እንጨት ውስጥ ይገባል። እንጨቱ ፒን መያዝ ያቆማል። ያኔ ያስቸገራችሁ አንድ ክር ነበር፣ አሁን ቅኝት የማይዝ ፒያኖ ይሆናል። ቃኚ ቅባት ሊጠቀም ይችላል፤ ግን በመርፌ ጫፍ ያህል፣ ክሩ በሚደገፍበት ነጥብ ላይ ብቻ።

መዶሻውና የሚጫወተው እጅ

የፊት ሰሌዳውን አንሡና መዶሻዎቹን እዩ። ጫፋቸው ላይ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ሱፍ በክሮቹ ይታረሳል። ትንሽ መስመር ያለ ነው። ሱፉ ጠጥሮ ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነና ቦዮቹ ከጠለቁ ግን መዶሻው ክሩን በጠንካራ ነገር እየመታ ነው።

እኛ ዘንድ የማየው አንድ ነገር አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ ሁሉም በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው። ፒያኖ ላይ በአንድ ኦክታቭ 12 ቁልፍ አለ። በኪቦርድ ያደገ እጅ ደግሞ ድምፁን በትራንስፖዝ ቁልፍ እያወጣና እያወረደ፣ ጣቱን ሁልጊዜ እዚያው ያሳርፋል። ያው እጅ ወደ ፒያኖ ሲመጣ እነዚያኑ አምስት ቁልፎች ይቀጠቅጣል። መዶሻዎቹን ስታዩ አንዳንዶቹ ታርሰው ጎረቤቶቻቸው አዲስ ከመሰሉ፣ ምክንያቱን አገኛችሁት። የተበጠሰው ክር ከታረሱት ውስጥ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ተጫዋቹ ሌላ ቁልፍ ላይ ትዝታን ቢለማመድ ለፒያኖውም ለራሱም ይጠቅማል።

ቀጥሎ ይሄን ሞክሩ። አንድ ቁልፍ በጣም በዝግታ ተጫኑ። መዶሻው ወደ ክሩ ይጠጋል፣ ሊነካው 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲቀረው ተላቆ መመለስ አለበት። ግራንድ፣ ማለትም ክሮቹ የተጋደሙበት ፒያኖ ከሆነ ከዚያ ያነሰ ርቀት ነው። ተላቅቆ ካልተመለሰና ክሩ ላይ ተለጥፎ ከቀረ፣ ማስተካከያው ተዛብቷል። እንዲህ ያለ መዶሻ ድምፁንም ያፍናል፣ ክሩንም ይቀጠቅጣል። የቃኚ ሥራ ነው፤ ግን ረጅም ሥራ አይደለም።

ክፍሉንም አትርሱ። ትልቅ አዳራሽ፣ ከበሮ፣ ስፒከር፣ ዘማሪ በሙሉ ድምፁ። ፒያኖ ተጫዋቹ ራሱን መስማት አይችልም። ስለዚህ ይመታል፣ ይመታል። መፍትሔው ተግሣጽ አይደለም። ማይክ አስጠጉለት፣ ወይም አጠገቡ ትንሽ ስፒከር አድርጉለት። ክር ከመግዛት ይረክሳል።

ቅኝቱ ራሱ ሲበጥስ

ለዓመታት ሳይቃኝ የቆየ ፒያኖ ድምፁ ይወርዳል። አንዳንዱ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለውን ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። ከዚያ ባለቤቱ ቃኚ ይጠራና «ከኪቦርዱ ጋር እኩል አድርግልኝ» ይላል። ኪቦርዱ የተቃኘው በ440 ኸርዝ፣ ማለትም በተለመደው የመቃኛ ልክ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ አለ። ክርን በግማሽ ድምፅ ማሳደግ ውጥረቱን በ12 በመቶ ይጨምራል። 75 ኪሎ ይስብ የነበረው 84 ኪሎ ይስባል። ሙሉ ድምፅ ካወጣችሁት ደግሞ 94 ገደማ ይደርሳል። አዲስ ሽቦ ይችለዋል። የዛገና የደከመ ሽቦ ላይችል ይችላል።

ልምድ ያለው ቃኚ የዛገ ክር ሲያገኝ ወዲያው አይወጥርም። መጀመሪያ በጥቂቱ ያረግበዋል። ዝገቱ ከተጣበቀበት ብረት ሲላቀቅ ጢቅ ይላል። ከዚያ ነው ቀስ ብሎ የሚያወጣው። ቃኚያችሁ ይሄንን ሳያደርግ ፒኑን በጉልበት ሲጠመዝዝ ካያችሁ፣ በአክብሮት አስቁሙት። ብዙ የወረደ ከሆነም በአንድ ቀን አይጨርሰው፤ መጀመሪያ በጥቅሉ ያንሣው፣ ተመልሶ ያጥራው።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ክሮቹ ሁሉ ቡናማ ለሆኑበትና ብቻውን ለሚጫወት ፒያኖ 440 ግዴታ አይደለም። ሁሉንም እኩል ዝቅ አድርጎ ማቃኘት ይቻላል። ከኪቦርድና ከጊታር ጋር አብሮ የሚጫወት ከሆነ ግን ወይ እነሱ ይውረዱ፣ ወይ አዲስ ክር ይግባ።

ክሩ ሲቀየር የምትቆጣጠሩት

የክሩ ውፍረት በማይክሮሜትር፣ ማለትም በጣም ትንሽ ልዩነት በሚለይ መለኪያ ይለካ። ተራ ካሊፐር አይበቃም። ምክንያቱም የፒያኖ ሽቦ ቁጥሮች በግማሽ ቁጥር ሲለያዩ ልዩነታቸው 0.025 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቁጥር 13 ሽቦ 0.775 ነው፣ ቁጥር 14 ደግሞ 0.825። ማይክሮሜትር ከሌላችሁ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ጠይቁ፤ ብረት ለሚጠርብ ሰው ማይክሮሜትር የዕለት መሣሪያው ነው። ዝገት የሌለበትን ቦታ መርጣችሁ ለኩ። አንዳንድ ፒያኖ ላይ ቁጥሩ ፍሬሙ ላይ ወይም ብሪጁ ላይ ተጽፏል፤ አስቀድማችሁ ፈልጉት።

የጊታር ክር አይሆንም። ቀጭን ነው፣ አጭርም ነው። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አይሆንም፤ የተፈተለ ስለሆነ ድምፅ አይሰጥም። የማሰሪያ ሽቦማ ይለጠጣል፣ አይቃኝም። የፒያኖ ሽቦ ብዙ ካርቦን ያለው ልዩ ብረት ነው፣ ሌላ ቦታውን አይተካም።

በብዙ ፒያኖ ላይ አንድ ሽቦ ታች ችንካር ዞሮ ሁለት ክር ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ አንዱ ሲበጠስ ጎረቤቱም ይላላል። ሁለት ተበጠሱብኝ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ሽቦው አንድ ነው። አዲሱ እስኪመጣ የተበጠሰው ይውጣ፤ አለዚያ እየተንጠለጠለ ይንሿሿል። በቀሩት ክሮች መጫወት ፒያኖውን አይጎዳውም።

መዳብ የተጠመጠመበት የግራ ክር ግን ተለክቶ የሚሠራ ነው። ፒኑ አጠገብ ከተበጠሰ፣ ጥሩ ቃኚ ተመሳሳይ ሽቦ በቋጠሮ ቀጥሎ ያንኑ ክር ይመልሰዋል። ድምፁ ከጎረቤቶቹ ጋር ስለሚስማማ እኔ ከአዲስ ይልቅ ይሄንን እመርጣለሁ። ከመዳቡ መሃል ከተበጠሰ ሁለቱንም ቁራጭ ለናሙና መላክ ነው።

ፒኑ ላይ ሦስት ዙር ጥቅልል ይኑር፤ ዙሮቹ ተጠጋግተው፣ ሳይደራረቡ። አዲስ ክር ይለጠጣል፤ ለሳምንታት ይወርዳል። ለቃኚው ስትከፍሉ ተመልሶ የሚያነሣበትን ቀን አብራችሁ ተነጋገሩ።

ደብተር ክፈቱ። ቁልፎቹን ከግራ 1 ብላችሁ ቁጠሩ፤ የተበጠሰውን ቁጥር፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ያው ቁልፍ ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ፣ ክሩ የሚደገፍበት ብረት ወይም መዶሻው ይፈተሽ። ተራርቀው፣ በቅኝት ወቅት፣ እዚህም እዚያም ከተበጠሱ ግን ሽቦው በጠቅላላ አርጅቷል። ያኔ አንድ በአንድ ማባረሩን ትታችሁ የሙሉ ቅያሪውን ዋጋ ጠይቁ፣ ከፒያኖው ዋጋ ጋርም አስተያዩት።